ከኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ማይል

ስለ ባሕር ማይል ልንጽፍ መሆኑን የሰሙ ጓደኞች፣ «ጎንደር ደጋ ላይ ተቀምጣችሁ ምን ባሕር አይታችሁ!» ብለው ሣቁብን፡፡ እውነት ነው፤ ጣናን እንኳ ለማየት ወደ ጎርጎራ መውረድ አለብን፡፡ ነገር ግን ከአዘዞ የሚነሣው አውሮፕላን አብራሪ ርቀቱን የሚቆጥረው በባሕር ማይል፣ ፍጥነቱንም በኖት ማለት በሰዓት በባሕር ማይል ነው፡፡ የሚንደረደርበት ሜዳ ግን በሜትር ይለካል፡፡

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ባለፈው ዓመት ለሥራ የተፈተነ አንድ ጓደኛችን ነው፡፡ ጥያቄው፣ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ቢሆን ስንት የባሕር ማይል ይሆናል? የሚል ነበር፡፡ 1.852 የሚለውን ቁጥር በቃሉ ያውቅ ነበርና አባዝቶ 778 አገኘ፡፡ ማካፈል ነበረበት፤ መልሱ 227 ያህል ነው፡፡ ክፋቱ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ 778 ለጆሮው እንግዳ አልሆነበትም፡፡ ሥራው ለሌላ ሰው ሆነ፡፡

እኛ የአርትስ ተማሪዎች ቁጥርን እንደ ዳዊት በቃል መያዝ ይቀናናል፡፡ የዚህ ቁጥር አመጣጥ ግን ቀላል ነው፡፡ ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ 90 ዲግሪ፣ እያንዳንዱም ዲግሪ 60 ደቂቃ ነውና በጠቅላላው 5,400 ደቂቃ ይሆናል፡፡ አንዷ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ናት፡፡ የፈረንሳይ ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1791 ሜትርን ሲወጥኑ ያንኑ ርቀት ለዐሥር ሚሊዮን ከፈሉት፡፡ እንግዲህ 10,000 ኪሎ ሜትር ለ5,400 ሲካፈል 1.85185 ይመጣል፡፡ ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ደቂቃዋ ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1929 ሞናኮ ላይ የተደረገው ጉባኤ ማይሉን በ1,852 ሜትር ወሰነው፡፡ ከዚሁ አቋራጭ ይገኛል፤ ኪሎ ሜትሩን በ0.54 ማባዛት ብቻ ነው፡፡

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ኳድራንት የተባለ መሣሪያ ከምጽዋ ጀምሮ ተራራ ለተራራ አሸክሞ፣ አንዳንዴም ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ ነበር፡፡ በእርሱ የከተማችንን ኬክሮስ ለካ፡፡ ስለዚህ የኬክሮስ ደቂቃ ጎንደር ላይ የተቆጠረው ሜትር ሳይወለድ ነው፡፡

ካርታ ላይ ደግሞ ማባዛትም አያስፈልግም፡፡ ጎንደር 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ ራስ ዳሸን 13 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ላይ ናቸው፤ ተራራው ከእኛ በስተ ሰሜን 38 የባሕር ማይል ይርቃል ማለት ነው፡፡ ወደ ምሥራቅም ስለሚያዘነብል ቀጥታው 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ0.54 ሲባዛ 65 ይሆናል፡፡ በኮምፓስ የወሰድነውን ርዝመት በካርታው ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ባለው የኬክሮስ ደቂቃ እንለካዋለን፡፡ ኬንትሮስ በተጻፈበት በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ የለካ ሰው ይሳሳታል፤ በእኛ አገር ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ስለሆነ አይታወቅበትም፡፡ በለንደን ኬክሮስ ግን የኬንትሮስ ደቂቃ 0.62 ማይል ብቻ ናት፡፡

ለጓደኛችን አንድ ጥያቄ ሰጠነው፤ የራስ ዳሸን ከፍታ 4,550 ሜትር ስንት የባሕር ማይል ነው? አሁን እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት፣ «ከ4.55 ማነስ አለበት» አለ፡፡ ከዚያ በኋላ 2.46 ብሎ ጻፈ፡፡