የውሻን የኋላ አካል በንጽሕና መጠበቅ

እህቴ፣ በአገራችን ውሻ ደጅ ያድራል፤ ፍርፋሪ ይጣልለታል እንጂ ከጭራው ሥር የሚያጥበው የለም። እኔ ሳምጣ በምሠራበት ቤት ግን ግቢ የሚጠብቀውን ጸጉራም ሽማግሌ ውሻ የምንከባከበው እኔ ነኝ። ሥራው ቢያስጸይፍም፣ በአግባቡ ሲሠራ ውሻውንም ሠራተኛዋንም ከበሽታ ያድናል።

ለምን ያስፈልጋል?

የጃዛን ቆላ ሙቀቱም ወበቁም ብርቱ ነው። ውሻ ሲያስቀምጠው ዓይነ ምድሩ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ዝንብ በዚያ እርጥብ ቆሻሻ ላይ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም አንድ ቀን ሳይሞላው ሊፈለፈልና ትሉ ሥጋውን ሊበላ ይችላል። ያረጀ ውሻ ዞሮ ራሱን ማጽዳት ስለሚያቅተው በዚህ ሊሞት ይችላል።

እንዴት ይጸዳል?

1. በማለዳ ወይም ከዐሥር ሶላት በኋላ ሥሪ። ጣራ ላይ ያለ ታንከር ውኃ ቀትር ላይ ይፋጃል፤ አስቀድመሽ በእጅሽ አንጓ ሞክሪው።
2. ጓንት አድርጊ። ባልዲውና ጨርቁ ለውሻው ብቻ ይሁኑ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የውሻን ምራቅ እንደ ነጃሳ ስለሚቆጥሩ፣ ዕቃው ከወጥ ቤት ይራቅ።
3. የደረቀውን ቆሻሻ አትጎትቺ፤ በለብታ ውኃ አርሺው፣ ሲለሰልስ ጥረጊው። በረኪናና ዴቶል ቆዳውን ስለሚያቃጥሉ አይነኩት።
4. ጸጉሩን ስታሳጥሪ በቆዳውና በመቀሱ መካከል ማበጠሪያ አስገቢ፤ ቆዳው አይቆረጥም።
5. በደረቅ ጨርቅ በደንብ አድርቂው፤ እርጥበት ዝንብ ይጠራል።

እኔ በየማለዳው ጭራውን አንስቼ አያለሁ፤ የቆሸሸ ዕለት ብቻ አጥበዋለሁ።

የሐኪም ሥራ የሆነው

ውሻ መቀመጫውን መሬት ላይ ከጎተተ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች መዘጋታቸው ነው። እብጠት፣ ደም፣ እንደ ዓሣ የሚከረፋ ሽታ ወይም ትል ካየሽ፣ ከረጢቱን ራስሽ አትጭመቂ፤ ያመመው ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳል። ሩዝ የመሰለ ነገር ከጭራው ሥር ካየሽ ደግሞ የኮሶ ትል ነው፤ መድኃኒት ይሰጠዋል። ለእመቤትሽ፦ «ማዳም፣ አል-ከልብ ተዕባን፣ ላዚም ደክቶር በይጠሪ» በያት። ውሻው ታሟል፣ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ራስሽን ጠብቂ

በዒድ አል-አድሐ የታረደ በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትስጪ። በውስጡ የሚኖር ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከዚያም በእጅሽ በኩል ወደ አፍሽ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል፤ እስኪታወቅም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ብታደርጊም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቢ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው አስቀድሞ ሲወሰድ ነው። «ትንሽ ጭረት ናት፣ ያልፋል» ቢሉሽም ዝም አትበይ። አምቡላንስ ካስፈለገሽ በ997 ደውይ።

ውሻው እንዲጸዳ የተጨነቀ ቤት ያንቺንም ጤና ሊያስብ ይገባል፤ ጓንትና ሳሙና ሳታፍሪ ጠይቂ።