የጾም ገበታና የፕሮቲን ነገር

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋም ወተትም አልቀምስም። ሰውነቴ ፕሮቲን አያጣም ወይ?
አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን ሆይ፤ ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው፣ ከዚያም በየሥርዐታቸው ተጣጥፈው የሚያስገኙት ታላቅ ሞለኪውል ሲሆን፣ ሰውነታችን ከእነዚህ 9ኙን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይቻለው ከምግብ ይሻቸዋል። በጤፍና በስንዴ የሚያንሰው ላይሲን በሽምብራና በምስር ይበዛል፤ በእነዚህ የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ በእህሉ ይገኛልና፣ እንጀራን በሽሮ ወይም በምስር ወጥ የሚመገብ ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው ይመላል። ስለዚህ ጥራጥሬውን በየዕለቱ ከገበታዎ አያጓድሉ። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ12 ከዕፀዋት ምግብ ስለማይገኝ፣ የማይለቅ ድካም ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ቢሰማዎ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ቢሆኑ ወይም የኩላሊት ሕመም ቢኖርብዎ፣ ሐኪም እንዲያማክሩ በትሕትና እንመክራለን።