ማዕድና ሚዛን፦ ከኦሪት የምግብ ሕግ የምንማረው ንጽሕና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሲነበብ የብዙዎቻችን ልብ የሚያርፈው በእንስሳቱ ዝርዝር ላይ ነው። ይህ ይበላል፣ ያ አይበላም ብለን እናልፋለን። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ግን ለሕጉ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የእግዚአብሔርን ቅድስና ነው፤ አምላካቸው ቅዱስ ስለ ሆነ ሕዝቡም ቅዱሳን እንዲሆኑ ታዝዘዋል (ቁ. 44-45)። ይኸው ትእዛዝ በምዕራፍ 19 መጀመሪያ ተደግሞ ይገኛል። በዚያ ከሚከተሉት ሕግጋት መካከል ደግሞ የእርሻ ዳርቻና ቃርሚያ ለድሃና ለስደተኛ እንዲተው (ቁ. 9-10)፣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ነገ እንዳያድር (ቁ. 13)፣ ሚዛንና መስፈሪያ እውነተኛ እንዲሆኑ (ቁ. 35-36) የሚያዝዙት አሉ። እንግዲህ ማዕዱንም ሚዛኑንም ያሰረው አንድ ቃል ነው። ማዕዱን ጠብቆ ሚዛኑን የሚያጎድል ሰው የሕጉን እኩሌታ ብቻ ይዟል።

ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ወገን ላመኑት የኦሪትን ቀንበር አልጫኑም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ ግን አዘዙ (ሐዋ. 15፥28-29)። የሀገራችን ምእመናንም ከእነዚህ ጋር እንደ እርያ ካሉት መብሎች በመከልከል የአባቶቻቸውን ትውፊት ጠብቀው ኖረዋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ትውፊቱን ማቃለል አይደለም፤ ምሥጢሩን ተረድተን እንድንጠብቀው ነው።

፩. ሰኮናና ማመስኳት

ንጹሕ የተባለው እንስሳ ሁለት ምልክቶችን በአንድነት መያዝ ይገባዋል፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ መሆን አለበት (ዘሌ. 11፥3)። ግመል፣ ሽኮኮና ጥንቸል ያመሰኳሉ ቢባልም ሰኮናቸው ስላልተሰነጠቀ አልተፈቀዱም። እርያ ደግሞ ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ተከለከለ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ አልበቃም።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ማመስኳትን የእግዚአብሔርን ቃል ሰምቶ በልብ ከማመላለስ ጋር፣ የሰኮናን መሰንጠቅ ደግሞ መልካሙን ከክፉው ለይቶ ከመራመድ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። ይህ ለሰበካ ጉባኤ ቅርብ ትምህርት ነው። ስብሰባውን በጸሎት ከፍቶ በጸሎት የሚዘጋ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ ለምእመናን የማያሳውቅ ጉባኤ ያመሰኳል፤ አካሄዱ ግን ገና አልተለየም። በሌላ በኩል ደረሰኙ የተሟላ፣ መዝገቡ የተስተካከለ ሆኖ ጸሎትና ርኅራኄ የራቀው ኮሚቴ እግሩ ቢለይም ልቡ አያመሰኳም። ንጽሕና ሁለቱን በአንድነት ይጠይቃል።

፪. ምንጩና ሸክላው

በዚሁ ምዕራፍ አንባቢ ፈጥኖ የሚያልፈው ሌላ ቁም ነገር አለ። ከረከሱት ተንቀሳቃሾች አንዱ ሞቶ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢወድቅ ዕቃው ይሰበራል (ቁ. 33)፤ የውኃ ምንጭና የውኃ ጉድጓድ ግን ንጹሕ ሆነው ይኖራሉ (ቁ. 36)።

በገጠር አጥቢያዎች ምንጭ በማጎልበት ሥራ የተሳተፈ ሁሉ የዚህን ምሳሌ ያውቀዋል። ከዓለት ሥር የሚፈልቀው ውኃ ጥሩ ሆኖ ሳለ ባልታጠበ ጀሪካን ሲቀዳ ወደ ቤት የሚገባው ተበክሎ ነው። የምንጩ ንጽሕና ለመቅጃው ንጽሕና ዋስትና አይሆንም።

የእግዚአብሔር ጸጋ ምንጭ ነው፤ እኛ አገልጋዮች ደግሞ ሸክላዎች ነን። ለችግረኞች የተሰጠ እህል በዝምድና ሲከፋፈል፣ ለአረጋውያን የታሰበ ብርድ ልብስ ለሚያውቁት ሰው ሲሰጥ፣ ስጦታው ንጹሕ እንደ ነበረ መቅጃው አቆሽሾታል። ስሟ ከመዝገብ የተዘለለ መበለት የምታዝነው በኮሚቴው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ኮሚቴው በቤተ ክርስቲያን ስም ቆሟልና በቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች። ኦሪት የረከሰውን ሸክላ ሰበረች፤ ለእኛ ግን በንስሐ የመታጠብ በር ተከፍቶልናል።

፫. ርኩስ የሚባል ሰው የለም

ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው እንደ ሆነ አስተማረ፤ ከሚወጡትም መካከል ስርቆትን፣ መጎምጀትን፣ ተንኰልንና ትዕቢትን ቈጠረ (ማር. 7፥18-23)። ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ በሰገነት ላይ ሲጸልይ ከሰማይ የወረደ፣ እንስሳትን ሁሉ የያዘ ታላቅ ሸማ አየ። ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በገባ ጊዜ የራእዩን ትርጉም ሲናገር፣ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው መሰከረ (ሐዋ. 10፥28)።

ይህ ቃል በየአጥቢያችን ሊመረመር ይገባዋል። በሀገራችን በብዙ አካባቢዎች ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ሲናቁ ኖረዋል። ወጣችንን በድስቷ እየሠራን፣ እንጀራችንን በምጣዷ እየጋገርን፣ ሠሪዋን ግን ከማዕዳችን ማራቅ የቆርኔሌዎስን ደጅ መዝጋት ነው። የሥጋ ደዌ ያገኘውን ወይም ቫይረሱ በደሙ የሚገኝበትን ወገን መሸሽም እንዲሁ ነው። የመብል ሕግ ሰውን ለመናቅ ሰበብ ከሆነ ወደ ቅድስና ማድረሱ ቀርቶ ወደ ትዕቢት ያደርሳል፤ ትዕቢት ደግሞ ጌታ ያረክሳሉ ካላቸው አንዱ ነው።

፬. ጾምና ምጽዋት

በፍትሐ ነገሥት የጾም ሥርዓት በአንቀጽ 15፣ የምጽዋት ሥርዓት በአንቀጽ 16 ተከታትለው መቀመጣቸው ለልብ የሚናገር ነው። የጾመ ሰው ከማዕዱ የቀነሰው ለተራበው ሲደርስ ጾሙ ይሞላል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቍረስን፣ የተገፋውንም ነጻ ማውጣትን የያዘ እንደ ሆነ ገልጿል (ኢሳ. 58፥6-7)። የጥበቃ ሠራተኛዋን ወይም የዕለት ሠራተኛዋን ደመወዝ ያዘገየች አጥቢያ በጾሙ ወራት ልታየው የሚገባ የመጀመሪያ ጉዳይ ይህ ነው።

ለጉባኤ መወያያ

1. በአጥቢያችን ጸሎትና የሒሳብ ግልጽነት አብረው ይሄዳሉ? ምእመናን ሒሳባችንን የሚሰሙት መቼ ነው?

2. እርዳታ ሲከፋፈል የተረጂዎች ስም እንዴት ይመረጣል? ቅሬታ ያለው ሰው ለማን ያቀርባል?

3. በማኅበር፣ በዝክርና በሰንበቴ ማዕድ የማይጠሩ ወገኖች አሉን? በመጪው ጾም ለእነርሱ ምን እናደርጋለን?

ማዕዳችንን የባረከ አምላክ ሚዛናችንንም ያቅናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።