እስረኛን መጠየቅ

ልጆች ሆይ፤ አባት በታሰረ ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያዝናል፤ ልጅ ግን ከማዘኑ ይልቅ ማፈሩ ይብሳል። በቡሬ ሳስተምር እንዲህ ያለ አንድ ተማሪ ነበረ። እናቱ ስንቅ ለማድረስ ወደ መቱ ስትነሣ፤ ጓደኞቹ እንዳያውቁበት ብሎ አብሯት መሄድን እንቢ አለ። እርስዋም፤ «ልጄ፤ ዳኛው በጥፋቱ ፈረደበት እንጂ አባትነቱን አልሻረበትም» አለችው። ልጁም ተነሣ።

እንጀራና ወጡን ለዕለቱ፤ የማይበላሸውን በሶና ዳቦ ቆሎ ለሰንበቻው ቋጠረች። በጎሬ አልፈው መቱ ደረሱ። በበሩ ጠባቂው፤ «እናት፤ ከምግቡ ይቅመሱ» ባላት ጊዜ ልጁ ተቀየመ፤ እርስዋ ግን ቀመሰች። ይህ እስረኛውን ከክፉ ነገር ለመጠበቅ የሚደረግ ነውና መቀየም አይገባም።

በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። የእስረኛውም ቀለብ በዘመዱ ጫንቃ ላይ ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 21፤ እስረኛ ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፤ የትዳር ጓደኛው፥ ዘመዶቹ፥ ወዳጆቹ፥ የሃይማኖት አማካሪው፥ ሐኪሙና ጠበቃውም እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ቀለብ ቢሰጠውም እንኳ ከቤት የመጣ እንጀራ ሌላ ነው።

አባትየው ልጁን ባየ ጊዜ አስቀድሞ የጠየቀው፤ «ትምህርትህን አላቋረጥህምን?» ብሎ ነበር። ልጁ መልስ አጥቶ አቀረቀረ። በሁለተኛው ጉዞ ግን ከስንቁ ጋር የንባብ መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ አባቱም እስኪለያዩ ድረስ ሲያነብ አዳመጠው።