ለጌምና ለምስል ሥራ የሚሆን ኮምፒዩተር፦ የክፍሎቹ አመራረጥና ከጀርባው ያለው ፊዚክስ

ሦስት ወጣቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው ለአኒሜሽንና ለቪዲዮ ሥራ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለጌም የሚያገለግላቸውን አንድ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም አስበው፣ የሚገዙትን ዕቃ በዝርዝር ጽፈው ወደ እኛ መጥተው ነበር። ዕቃዎቹ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገቡ በመሆናቸው አንዴ ከተገዙ በኋላ መልሶ መለወጥ የሚታሰብ አልነበረም። በዝርዝሩ ውስጥ የሰፈረው እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ እንከን አይወጣለትም፤ አንድ ላይ ሲታይ ግን ገንዘቡ ሥራው ከሚፈልገው ቦታ ይልቅ ስሙ ወደ ገነነው ክፍል አዘንብሏል። በዚህ ጽሑፍ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠን ያደረግነውን ስሌት ለአንባብያን ለማካፈል እንሞክራለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «የትኛው ዕቃ ይበልጣል?» የሚለው ሳይሆን ሥራው በቁጥር ሲገለጽ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። 4ኬ እየተባለ የሚጠራው ምስል በአግድም 3,840፣ በቁመት 2,160፣ በጠቅላላው 8,294,400 ፒክስሎች አሉት። ይህም የፉል ኤችዲ ምስል አራት እጥፍ ነው። ጌም በሰከንድ 60 ምስሎች እንዲያሳየን ከፈለግን ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምስል ሠርቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ 120 ምስሎች ከፈለግን ጊዜው ወደ 8.3 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። የአኒሜሽን ሬንደሪንግ ግን እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ የለበትም። አንድ ምስል ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል፤ ይልቁንም የሚያስጨንቀው የትዕይንቱ መረጃ በሙሉ በሚሞሪ ውስጥ መያዝ አለመያዙ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ ማሽን የሚጠይቁት ነገር የተለያየ መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

የኮር ቁጥርና የአምዳል ሕግ

ወጣቶቹ የመረጡት ፕሮሰሰር 16 ኮር ያለው ራይዘን 9 9950ኤክስ ነበር። ምክንያታቸው «ኮር ሲበዛ ፍጥነት ይጨምራል» የሚል ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። የኮምፒዩተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት አንድ ሥራ ለብዙ አስሊዎች ተከፋፍሎ የሚያገኘው ፍጥነት ሊከፋፈል በማይችለው የሥራው ክፍል ይገደባል። እንጀራ ለመጋገር ምጣድ ብናበዛ የመጋገሪያው ጊዜ ያጥራል፤ ሊጡ የሚቦካበት ቀን ግን አይቀንስም።

በቁጥር እንመልከተው። ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ሊከፋፈል የሚችል ቢሆን 8 ኮሮች ከአንድ ኮር 4.7 እጥፍ፣ 16 ኮሮች ደግሞ 6.4 እጥፍ ያፈጥኑታል። ኮሩ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ የጨመረው በ36 በመቶ ብቻ ነው። ሊከፋፈል የሚችለው ግማሹ ብቻ ከሆነ ደግሞ 8 ኮሮች 1.78፣ 16 ኮሮች 1.88 እጥፍ ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብዙ ጌሞች ወደዚህኛው ጎራ የሚያዘነብሉ ናቸው።

ለጌም ከኮር ብዛት ይልቅ የካሽ ሚሞሪ መጠን የሚጠቅምበት ምክንያትም አለ። ድግግሞሹ 5 ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር አንዱን እርምጃ የሚጨርሰው በ0.2 ናኖሰከንድ ነው፤ ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ የሚጓዘው 6 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። መረጃውን ከዋናው ሚሞሪ ለማምጣት ግን ከ60 እስከ 100 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ይህ ማለት ፕሮሰሰሩ እስከ 500 እርምጃ የሚሆን ጊዜ በመጠበቅ ያሳልፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የወጣው ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም ተጨማሪ የካሽ ሚሞሪ ንጣፍ ተደርቦበት 96 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ ይዟል። በጌም ውስጥ ባለ 16 ኮሩን የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ የውኃና የጭስ እንቅስቃሴን በፕሮሰሰር የሚያሰላ መሆኑን ጠቅሶ ተከራክሮናል። እንዲህ ያለው ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ክርክሩ ትክክል ነው፤ 16 ኮር ዋጋውን ያወጣል። እነርሱ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚያጋጥማቸው አልፎ አልፎ መሆኑን ራሳቸው ነግረውናል።

የግራፊክስ ካርዱ ሚሞሪ

በዝርዝሩ ላይ ትልቁን ጉድለት ያገኘነው እዚህ ነው። ሬንደሪንጉን የሚሠሩት በብሌንደር ሶፍትዌር ሆኖ ስሌቱን የሚሸከመው የግራፊክስ ካርዱ ነው። የተመረጠው ካርድ ግን 12 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ጂፎርስ አርቲኤክስ 5070 ነበር። ዛፍ፣ ሕንጻና ሕዝብ የበዛበት ትዕይንት ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። ሲያልፍ ወይ ሥራው ይቋረጣል፣ ወይ ትርፉ መረጃ ወደ ኮምፒዩተሩ ዋና ሚሞሪ ይሸሻል። የካርዱ የራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 672 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የአምስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ግን በአንድ አቅጣጫ ከ63 ጊጋባይት አይበልጥም። ከአሥር እጥፍ በላይ ቀርፋፋ በሆነ መንገድ መረጃ ማመላለስ ማለት ነው።

16 ጊጋባይት የያዘው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ሲወጣ ዋጋው 749 የአሜሪካ ዶላር፣ የታናሹ ደግሞ 549 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 200 ዶላር ነው። ባለ 16 ኮሩ ፕሮሰሰር በ649፣ ባለ 8 ኮሩ በ479 ዶላር ስለወጡ በፕሮሰሰሩ በኩል 170 ዶላር ይተርፋል። የገበያው ዋጋ ከዚህ ከፍና ዝቅ ማለቱ የማይቀር ቢሆንም አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው እንደሚቃረብ መገንዘብ አያዳግትም።

ዋናውን ሚሞሪ በሚመለከት ብዙ የምንለው የለም፤ 64 ጊጋባይት በአራት ሳይሆን በሁለት ቁራጭ ቢገዛ ይመረጣል፣ አራት ሲሆን ዲዲአር5 ፍጥነቱን መቀነስ ይገደዳልና። ለማከማቻ ግን አንድ ስሌት እንጨምር። እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ቢይዝ አንድ ያልታመቀ የ4ኬ ምስል 24.9 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 25 ምስል ሲታይ 622 ሜጋባይት ማለት ነው። የሳታ ዲስክ ጣሪያ 600 ሜጋባይት በመሆኑ ይህን አይችለውም። በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ዲስክ በሰከንድ 7 ጊጋባይት ያህል ስለሚያነብ ችግሩ አይገጥመውም።

ሙቀት በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ

በውጭ አገር መጽሔቶች የሚታተሙት የሙቀት ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች የተደረጉ ናቸው። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በተመሳሳይ የሙቀት መጠን የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ፋን የሚገፋው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ግዝፈት ነው።

ኮምፒዩተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ 550 ዋት ሙቀት ያመነጫል፣ ፋኖቹም በሰከንድ 50 ሊትር አየር ያሳልፋሉ እንበል። በባሕር ወለል አየሩ ሲወጣ ከገባበት በ9 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል፤ በአዲስ አበባ ግን በ12 ዲግሪ። በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ የሚታየው መዳከምም በዚህ ላይ ይጨመራል። በውኃ የሚቀዘቅዝ መሣሪያ መግዛት ከዚህ ሕግ አያስመልጥም፤ ውኃውም በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ነው። የከተማዋ አየር ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ግን ጥቂት ይክሰናል። በመሆኑም ሰፊ የአየር መግቢያ ያለው ሳጥንና ከተለመደው አንድ ትልቅ ፋን ጨምሮ መግዛት በመብራት ካሸበረቀ ሳጥን ይሻላል ብለን መክረናል።

ወጪ የሌለበት ሌላ መፍትሔም አለ። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በአመዛኙ ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብንቀንስ ፍጆታው 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል፤ የምናጣው ፍጥነት ግን ቢበዛ 10 በመቶ ነው። ቮልቴጅ ቀልድ አለመሆኑን የሚያሳይ ቅርብ ታሪክም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየው አለመረጋጋት ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቆ ማስተካከያ ለማውጣት ተገዷል።

ኤሌክትሪኩ

አዲሶቹ የግራፊክስ ካርዶች ኃይል የሚቀበሉበት ሶኬት እስከ 600 ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው። በ12 ቮልት ይህ 50 አምፔር ይሆናል፤ በስድስት ፒኖች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 8.3 አምፔር ይደርሳል። በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከኤሌክትሪኩ ካሬ ጋር ስለሚጨምር ሶኬቱ በደንብ ካልገባ ፕላስቲኩ እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአርቲኤክስ 4090 ካርዶች ላይ ይህ ደርሶ ነበር። የ300 ዋት ካርድ ግን በየፒኑ የሚፈልገው 4.2 አምፔር በመሆኑ በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሩብ ብቻ ነው። ቢሆንም ሶኬቱ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወጣቶቹ በዝርዝራቸው ላይ ጨርሶ ያልጻፉት ዩፒኤስ ነበር። ጥሩ የሚባል ፓወር ሰፕላይ መብራት ቢቋረጥ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ማሽኑን የሚያቆየው ለ16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የእኛው የ50 ኸርዝ መብራት አንድ ዑደት እንኳ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ለዓይን ብልጭ ብሎ የሚመለስ መቆራረጥ የአንድ ሌሊት ሬንደሪንግ ያበላሻል ማለት ነው። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይደርሳል። ሲገዛ በቪኤ ሳይሆን በዋት የተጻፈው ቁጥር መታየት ይኖርበታል፤ የሚያወጣውም ሞገድ ንጹሕ ሳይን ቢሆን ይመረጣል። ወጣቶቹ መብራት ያሸበረቀውን ሳጥን ሰርዘው በምትኩ ይህንን ጻፉ።