በሆድ ውስጥ ስላለው ታላቅ የደም ሥር

ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር፥ ሐኪሞች አኦርታ የሚሉት፥ አከርካሪን ተከትሎ በሆድ ውስጥ ይወርድና እንብርት አጠገብ ለሁለት ይከፈላል። በሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በወጣትነት እንደ እርጥብ ጠፍር ይለጠጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ግድግዳው እየደረቀ፥ ሥሩም ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል። 3 ሴንቲሜትር ከደረሰ በሽታ ይባላል፤ ይኸውም ትንባሆ በሚያጨሱ ሽማግሌዎች ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ሳይታመም ይኖራል፤ ከፈነዳ ግን ፈጥኖ ይገድላል።

ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፥ አረጋዊን ሰው ሆዱን ወይም ወገቡን ብርቱ ሕመም በድንገት ቢይዘው፥ ቁርጠት ነው ብላችሁ ሆዱን አታሹት። ከማጂ ተራራ እስከ ሚዛን መንገዱ ሩቅ ነውና፥ ሳትመክሩ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ትንባሆን አስቀድሞ መተው ግን ከሁሉ ይበልጣል።