የደሴቲቱ ገበሬ፣ በጎቹና ውሻው
(ከእንስሳት ጋራ ስለ መኖርና ስለ ውሃ ከረጢት በሽታ የተዘጋጀ ትምህርት)

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አይስላንድ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የዚችን ሩቅ ደሴት ነገር በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው እንግዳ ወሬ ለማሰማት አይደለም። ሕዝቧ ከበጎቹና ከውሾቹ ጋራ ሲኖር ምን ያለ በሽታ እንደ ደረሰበት፣ ከበሽታውም በምን ብልሃት እንደ ዳነ ማወቅ፣ በአገራችን በግ አርዶ ለሚበላና ውሻ ለሚያሳድግ ቤተ ሰብ ሁሉ ስለሚጠቅም ነው።

፩ኛ/ የደሴቲቱ ኑሮ

በ9ኛው መቶ ዓመት ከኖርዌይ ተነሥተው አይስላንድን ያቀኑት ሰዎች ፈረሱን፣ በጉንና ላሙን በመርከብ ጭነው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለሺህ ዓመት ያህል የገበሬው ኑሮ በእነዚህ እንስሳት ላይ የተመሠረተ ነበር። ምድሪቱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነች እህል በደንብ አይበቅልባትም፤ ዋናው አዝመራ ሣር ነው። ገበሬው በአጭሩ የሙቀት ወራት ያጨደውን ድርቆሽ ለረዥሙ የብርድ ወራት ያከማቻል። ድርቆሽ ያለቀበት ሰው ከብቱን ያጣል፤ ከብቱን ያጣ ሰው ደግሞ የሚበላው አይኖረውም።

የአገሩ ፈረስ ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ወፍራም፣ ብርድ የሚችል ነው። መንገድና ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ድርቆሹን ከመስክ ወደ ጋጣ፣ ቤተ ሰቡን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሬሳውን ወደ መቃብር የሚያደርሰው እሱ ነበር። ሕዝቡ ለፈረሱ ጤና ከሚያደርገው ጥንቃቄ የተነሣ፣ አንድ ጊዜ ከደሴቲቱ የወጣ ፈረስ የውጭ በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ዛሬም ተመልሶ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

በጎቹ የሙቀቱን ወራት ያለ እረኛ በተራራ ላይ ተሰማርተው ያሳልፋሉ። መስከረም ሲደርስ ገበሬዎቹ በፈረስ ተቀምጠው፣ ውሾቻቸውንም አስከትለው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ በጎቹን ሰብስበው «ሬቲር» ወደሚባለው የጋራ በረት ያወርዷቸዋል። በዚያም እያንዳንዱ ባለ ከብት በጆሮው ላይ ካለው ምልክት የራሱን በግ ለይቶ ወደ ቤቱ ይነዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የእርድ ጊዜ ይሆናል። በቀድሞው ዘመን እርዱ የሚፈጸመው በየቤቱ ደጃፍ ነበር። ሥጋው ለብርዱ ወራት ስንቅ፣ ጠጉሩ ልብስ፣ ቆዳው ጫማ፣ ሞራው የመብራት ስብ ይሆናል። ሰው የማይበላው ሆድ ዕቃ፣ በተለይም የተበላሸው ጉበትና ሳንባ ለውሻው ይጣላል። ያም ውሻ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ቤቱ ከነሥሩ በተቆረጠ የሣር አፈር የተሠራ ጠባብ ጎጆ ነው፤ ሰዎቹ በአንድ ክፍል ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉም። ውሻው በመካከላቸው ይጋደማል፤ ሕፃናቱ ያቅፉታል፤ እሱም እጃቸውንና ፊታቸውን ይልሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ሰው አደጋ አይታየውም ነበር።

፪ኛ/ ምንጩ ያልታወቀው በሽታ

በ19ኛው መቶ ዓመት በደሴቲቱ የሠሩ ሐኪሞች ሆዱ የተነፋና ጉበቱ ያበጠ በሽተኛ ከሌላው የኤውሮፓ አገር ይልቅ በዚያ መብዛቱን ተመለከቱ። እብጠቱ ሲከፈት በውስጡ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት ይገኛል። አንዳንዱ ከረጢት የሕፃን ራስ ያህል ነው። ሕዝቡ በሽታውን በቋንቋው «ሱላቬይኪ» ይለው ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ያንኑ የመሰለ ከረጢት በየዓመቱ በሚያርደው በግ ጉበትና ሳንባ ላይ ያየዋል፤ ያየውንም ቈርጦ ለውሻው ይጥለዋል።

፫ኛ/ የትሉ ዙረት

በ1850ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ፎን ዚቦልት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን ከረጢት ለውሾች አበላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንጀታቸውን ቢመረምር እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የኮሶ ትሎች አገኘበት። ከዚህ የተነሣ የከረጢቱ ምሥጢር ተገለጠ። ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

ኤኪኖኮከስ የሚባለው ይህ የውሻ ኮሶ ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በሰው ሆድ የሚገኘው የታወቀው ኮሶ ግን ብዙ ሜትር ይረዝማል። ትሉ በውሻው አንጀት ተጣብቆ ይኖራል፤ ውሻውም በሽተኛ አይመስልም። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዐይነ ምድር ጋራ ወጥቶ በሣር፣ በአፈርና በውሃ ላይ ይበተናል፤ ዓይን ሊያየው አይችልም። በግ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ በአንጀቱ ውስጥ የተፈለፈለው ሽል በደም ተጉዞ በጉበት ወይም በሳንባ ያርፋል፤ እዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውሃ ከረጢት ይለወጣል። በጉ ሲታረድ ከረጢቱን የበላ ውሻ ደግሞ አዳዲስ ትሎች ይፈሉበታል። ዙረቱ እንዲህ እያለ ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ውሻ ይመላለሳል።

ሰው በዚህ ዙረት ውስጥ የሚገባው በበጉ ፈንታ ነው። ውሻ ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ፣ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሳያጥብ የሚጠቀም፣ በውሻ ዐይነ ምድር የተበከለ ውሃ የሚጠጣ ወይም አትክልት ሳያጥብ የሚበላ ሰው እንቁላሉን ሊውጥ ይችላል። ከረጢቱ በቀስታ ስለሚያድግ በልጅነቱ የተያዘ ሰው በሽታው የሚታወቀው ብዙ ዓመት ቈይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ዛሬ በክፍላችሁ ተቀምጦ የሚስቀው ሕፃን ሕመሙ የሚገለጠው አባት ከሆነ በኋላ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ማረም ይገባል። የመጀመሪያው ሰው በሽታውን ከበግ ሥጋ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህ ሐሰት ነው፤ የሰው በሽታ የሚመጣው ከውሻው ከሚወጣው እንቁላል ነው። ይህን ማለታችን ግን ጥሬ ሥጋ ጉዳት የለውም ማለታችን አይደለም፤ የታወቀው የሰው ኮሶ የሚይዘን ከጥሬ የከብት ሥጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ስሕተት በሽተኛውን መፍራት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

፬ኛ/ ደሴቲቱ እንዴት ዳነች

በ1863 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሀራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በሽታውን ለመመርመር ወደ አይስላንድ ሄደ። የ100 ውሾችን አንጀት ቢመረምር በ28ቱ ውስጥ ትሉን አገኘ። ቀጥሎም ስለ በሽታውና ስለ መከላከያው በአገሬው ቋንቋ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጀች፤ በ1864 ታትማም ለየቤተ ሰቡ ያለ ዋጋ ታደለች። የአይስላንድ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ንባብ የሚማር ነበርና የመጽሐፏ ቃል በባዶ ሜዳ አልወደቀም። ምክሩም ከባድ አልነበረም፤ ከረጢቱን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ውሻ እንዳይበላው ጠብቁ፣ ከውሻ ጋራ ባላችሁ አኗኗር ንጽሕናን አትርሱ የሚል ነበር።

መንግሥቱም በ1869ና በ1890 ስለ ውሾች ሕግ አወጣ። በጊዜ ብዛት የውሻ ቍጥር በግብር እንዲቀንስ፣ ውሾችም በየዓመቱ የትል መድኃኒት እንዲወስዱ ተደረገ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እርዱ ከየደጃፉ ወደ ቄራ መዛወር ጀመረ፤ ከረጢቱ ሳይጐለምስ በጠቦትነት ማረድም እየተለመደ ሄደ። በ1924 በዋና ከተማው በሬይክያቪክ ውሻ ማሳደግ ተከለከለ፤ ይህ ክልከላ የላላው ከ60 ዓመት በኋላ በ1984 ነው።

ፍሬው ምን ሆነ? ኒልስ ዱንጋል የተባሉት የአይስላንድ ሐኪም የሬሳ ምርመራቸውን በ1957 ሲገልጡ፣ ከመጽሐፏ በፊት ወይም በዚያው ዘመን ከተወለዱት ሽማግሌዎች መካከል በብዙዎቹ ከረጢት መገኘቱን፣ ኋላ በተወለዱት ዘንድ ግን በሽታው ጠፍቷል እስከሚባል ድረስ መመንመኑን አሳዩ። ዛሬ ደሴቲቱ ከዚህ በሽታ ነፃ ናት። ልብ ልንለው የሚገባን፣ ይህ ሁሉ ሲሆን በጉም ፈረሱም ከአገሩ አልጠፋም። የጠፋው የበጉን ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ የመጣል ልማድ ነው።

፭ኛ/ ነገሩ እኛን የሚነካው እንዴት ነው

ይህ ከረጢት በኢትዮጵያ ቄራዎች በሚታረዱ በሬዎች፣ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ላይ ይገኛል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሰውም ላይ በምርመራ ታይቷል። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለዓረፋ በግ በየግቢው ሲታረድ ውሻው ከቢላዋው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አራጁም ውሃ የቋጠረ ጉበት ሲያይ «ለሰው አይሆንም» ብሎ ይወረውርለታል። በአይስላንዱ ገበሬ ደጃፍ ይደረግ የነበረው ይኸው ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የተጻፉትን ደንቦች እንጠብቅ።

1. ውሃ የቋጠረ ጉበት፣ ሳንባ ወይም ጣፊያ ለውሻ ፈጽሞ አይጣል። ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል።
2. ደህና የሚመስለውም ሆድ ዕቃ ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ ይቀቀል።
3. በከተማ ያለ ሰው በተቻለ መጠን እርዱን ምርመራ ባለበት ቄራ ያስፈጽም።
4. ውሻ ያለው ሰው የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው መጠንና ጊዜ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ያሰጠው። ከመድኃኒቱ በኋላ የሚወጣው ዐይነ ምድር ይቀበር።
5. ሕፃናት ውሻ ከዳሰሱ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ውሻ ከሰው ሳሕን አይብላ።
6. ሰላጣና ጎመን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ፤ የምንጭና የጕድጓድ ውሃ ዙሪያው ይታጠር።
7. በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች እብጠት የተሰማው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በወጌሻ መታሸት ወይም እብጠቱን መብጣት ያስፈራል፤ ከረጢቱ በድንገት ቢፈነዳ ሰውነትን አናውጦ ሊገድል፣ ወይም በሆድ ውስጥ ተበትኖ ብዙ ሌሎች ከረጢቶችን ሊያበቅል ይችላልና። ሐኪሞች እንደ ከረጢቱ ሁኔታ በቀዶ ጥገና፣ በመርፌ በመቅዳት ወይም አልቤንዳዞል በተባለው መድኃኒት ያክሙታል።

ውሻን መጥላት ከዚህ ትምህርት አይወጣም። ውሻ የሰጡትን የሚበላ ታማኝ ዘበኛ ነው፤ ጥፋቱ የሚሰጠው ሰው ነው።

፮ኛ/ ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. የውሻው ኮሶ ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግም ወደ ውሻ የሚሸጋገረው እንዴት ነው? በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሥዕል አሳዩ።
ለ. ሰው በሽታውን ከበግ ሥጋ የማያገኘው ስለ ምንድን ነው?
ሐ. የአይስላንድ ሕዝብ ዙረቱን የቈረጠው በየትኛው ቦታ ነው?
መ. ባለፈው በዓል በቤታችሁ የታረደው በግ ጉበቱና ሳንባው ምን ተደረገ? ወደ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ነገ ለክፍሉ ተናገሩ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ልጁ ማታ ይህን ጠይቆ አባቱ በሚቀጥለው በዓል ያን ጉበት ከቀበረው፣ የዚህ ትምህርት ዓላማ በዚያ ቤት ተፈጽሟል።